ከመክተፊያ ፕላስቲክ ተዋጊ ሮቦት እንሥራ

መጀመሪያ የሠራሁት ተዋጊ ሮቦት ሜዳ ላይ አንድ ደቂቃ እንኳን አልቆየም። ሦስት ሳምንት የፈጀሁት ስለቱን ስሞርድና ስመዝን ነበር። ተጋጣሚዬ ደግሞ ከተሰበረ መጫወቻ መኪና የተሠራ፣ ፊቱ ላይ የታጠፈ ላሜራ የታሰረበት ነገር ነው። አንዴ ገጨኝ። ስለቴ ምንም አልሆነም፤ እንዲያውም ለመሽከርከር ጊዜ አላገኘም። ከባትሪው የሚመጣው ቀይ ሽቦ ግን ተነቀለ። ሮቦቴ ባለበት ደረቀ። አሥር ተቆጠረ። አለቀ።

ከዚያ ወዲህ ለጠየቀኝ ጀማሪ ሁሉ የምለው ያው ነው፤ መጀመሪያ የማይቆም ሮቦት ሥሩ። ስለቱ፣ መዶሻው፣ መጋዙ ይደርሳል። ገና መንዳት የማይችል ሮቦት ላይ ስለት መግጠም ሳይቸግር ጤፍ ብድር ነው።

ይህ መመሪያ ደሴ ወይም ኮምቦልቻ ሆናችሁ፣ በአብዛኛው እዚሁ በሚገኝ ዕቃ፣ አንድ ገፊ ሮቦት የምትሠሩበት ነው። ትንሽ ሽቦ መበየድና ትንሽ መቁረጥ ከቻላችሁ ይበቃል። የማትችሉም ከሆነ በዚሁ ትለምዳላችሁ።

ጨዋታው

ሁለት ሮቦቶች በታጠረ ሜዳ ይገናኛሉ። በሪሞት የሚነዳቸው ሰው ነው፤ ራሳቸው አያስቡም። ግጥሚያው ብዙ ጊዜ 2 ወይም 3 ደቂቃ ነው። መንቀሳቀስ ያቃተው ሮቦት አሥር ሰከንድ ይቆጠርለትና ይወጣል። ሁለቱም እስከ መጨረሻው ከቆዩ ዳኞች ይፈርዳሉ። የሚያዩት ማን ጎዳ፣ ማን ደፍሮ አጠቃ፣ ማን ሮቦቱን በደንብ ተቆጣጠረ የሚለውን ነው።

ነገሩ አዲስ አይደለም። ማርክ ቶርፕ የሚባል አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1994 ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ «ሮቦት ዋርስ» ብሎ አዘጋጀው። ከ1998 ጀምሮ ደግሞ በእንግሊዝ ቴሌቪዥን ታየ። እዚያ የምታዩዋቸው ትልልቆቹ 100 ኪሎ ገደማ ይመዝናሉ። እነሱን እርሷቸው። እኛን የሚመለከተን የትንንሾቹ ምድብ ነው። 454 ግራም የሚመዝኑት የጉንዳን፣ 1.36 ኪሎ የሚመዝኑት የጥንዚዛ ክብደት ይባላሉ። እኔ የምመክረው ጥንዚዛን ነው። ጉንዳኗ ርካሽ ትመስላለች፤ ግን ሁሉ ነገሯ ጥቃቅን ስለሆነ ዕቃዋ እኛ ገበያ አይገኝም፣ እጅም አይገባም።

የምንሠራው ሮቦት ፊቱ ላይ ተዳፋት ላሜራ አለው። ተጋጣሚው ሥር ይገባል፣ ያነሳዋል፣ እየገፋ ግድግዳ ላይ ያጣብቀዋል። በሬዎች ሲዋጉ አይታችሁ ከሆነ ይገባችኋል። ቀንዱ የረዘመ ሁልጊዜ አያሸንፍም። አንገቱን ዝቅ አድርጎ እግሩን የተከለው ነው የሚገፋው።

መቁረጥ ሳትጀምሩ መዝኑ

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። ዕቃውን ይገዛል፣ ይቆርጣል፣ ይገጥማል፣ መጨረሻ ላይ ሚዛን ላይ ሲያወጣው 1.6 ኪሎ ይሆንበታል። ከዚያ መቦርቦር፣ መጋዝ፣ ማልቀስ። በወረቀት ጀምሩ። የእኔን ላሳያችሁ።

ሁለት ማርሽ ያላቸው ሞተሮች፣ እያንዳንዳቸው 100 ግራም፣ 200። ሁለት ጎማ 100። ባትሪ 80። የሞተር መቆጣጠሪያውና የሪሞቱን ምልክት የሚቀበለው ተቀባይ 70። ሽቦና ማብሪያ ማጥፊያ 50። ብሎን፣ ዳዶና ሮንዴላ 80። ብሎንን ማንም አይቆጥርም፤ ሚዛኑን የሚያፈርሰው ግን እሱ ነው።

አካሉ ከመክተፊያ ፕላስቲክ ነው። ነጩ፣ 1 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው። አንድ ኩብ ሴንቲ ሜትሩ 0.95 ግራም ገደማ ይመዝናል። ወለሉ 18 በ14 ሴንቲ፣ ሁለቱ ጎኖች 14 በ5፣ የኋላው 18 በ5። ሲደመር 482 ኩብ ሴንቲ ሜትር ነው። 460 ግራም በሉት።

የፊቱ ላሜራ 2 ሚሊ ሜትር ውፍረት፣ 20 በ10 ሴንቲ። ብረት በኩብ ሴንቲ ሜትር 7.85 ግራም ነው። 315 ግራም ይመጣል።

ሁሉም ሲደመር 1,355 ሆነ። «እፎይ፣ 5 ግራም ተረፈኝ» እንዳትሉ። ክዳኑን ረስተናል! ባለ 2 ሚሊ ፖሊካርቦኔት (በቀላሉ የማይሰበር፣ ብርሃን የሚያሳልፍ ፕላስቲክ) ክዳን 60 ግራም ይመዝናል። ስለዚህ 55 ግራም አለፍን።

ምን ይደረግ? ላሜራውን ከ10 ወደ 8 ሴንቲ ዝቅ አድርጉት። ከ60 ግራም በላይ ይቀንሳል። አሁን ገብተናል፤ ግን ጠባብ ነው። ወለሉ ላይ ምንም በማይታሰርበት ቦታ 2.5 ሴንቲ ስፋት ያላቸው አሥር ቀዳዳዎች ክፈቱ። እያንዳንዱ 4.7 ግራም ያወርዳል። በዚህ ስሌት 55 ግራም ገደማ መጠባበቂያ ይኖራችኋል። እሱን አትንኩት። ናስትሮው፣ የብየዳው እርሳስ፣ ማሰሪያው ይበላዋል።

ሚዛን ከሌላችሁ ቅመም ወይም ወርቅ የሚመዝን ሰው ጋ ሂዱ። የወጥ ቤት ዲጂታል ሚዛንም ይበቃል።

ዕቃውን ማሰባሰብ

መክተፊያው ደሴ ውስጥ የወጥ ቤት ዕቃ የሚሸጥበት ሁሉ አለ። ሰኞ ገበያ አካባቢ ዞር ዞር በሉ። ስትገዙ ጥፍራችሁን ጫን አድርጉበት። ትንሽ የሚቀበልና ሰም ሰም የሚል ከሆነ ፖሊኤትሊን ነው፤ የምንፈልገው እሱን ነው። ሲመታ ይጎደጉዳል እንጂ አይሰነጠቅም። ደረቅ፣ ሲንኳኳ እንደ ብርጭቆ ቀጭን ድምፅ የሚያሰማውን ተዉት። ገንዘብ ካጠረ ወፍራም የዘይት ጀሪካንም ያው ዘር ነው። ቀጭን ስለሆነ ግን ሁለት ሦስት ድርብ ማድረግ ያስፈልጋል።

ላሜራ ለመግዛት ሙሉ ሉህ አያስፈልግም። በርና መስኮት የሚበይዱ ቤቶች ደጃፍ ላይ ቁርጥራጭ ተከምሮ ታገኛላችሁ። ኮምቦልቻ ያላችሁ በዚህ ታድላችኋል፤ የፋብሪካ ከተማ ናት፣ ብረት ቆራጭና ቶርኖ ቤት አይጠፋም። ደሴ ያለንም 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው የምንወርደው። ሁለት ጊዜ እንዳትመላለሱ ልኩን በካርቶን ቆርጣችሁ ይዛችሁ ሂዱ። በአፍ ስትነግሩት «ይገባኛል» ይላል፤ ከዚያ የራሱን ይቆርጣል።

ጎማው መሬት እንዲነክስ የሚለብሰው ላስቲክ ከጎሚስታ ይገኛል። «አያ፣ የማትጠገን ከመነዳሪ አለችህ?» አልኩት አንዱን። «ለወንጭፍ ነው?» አለኝ። ለሮቦት ነው ስለው ዝም ብሎ አየኝና በነፃ ሰጠኝ።

ሞተር፣ መቆጣጠሪያና ባትሪ ብዙ ጊዜ ከአዲስ አበባ ነው የሚመጡት። ሰው ስትልኩ ስም ብቻ አትንገሩ፤ ፎቶውንና ቁጥሩን ላኩ። እኔ «12 ቮልት ሞተር» ብዬ ልኬ የውኃ ፓምፕ የመጣልኝ ጊዜ አለ።

ኮምቦልቻ የወሎ ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ያለባት ከተማ ናት። እዚያ የሚማር ወንድም ወይም እህት ካላችሁ ተጠቀሙበት። ዕቃ ባያገኝላችሁ እንኳን መለካት የሚችል ሰው ታገኛላችሁ።

አካሉ

ፕላስቲኩን በሰጌቶ ቁረጡ። በትልቅ ጥርስ፣ በዝግታ። በግራይንደር ከቆረጣችሁት ይቀልጥና ዲስኩ ላይ ይጋገራል። ጫፉን በሞረድ አስተካክሉ።

ፖሊኤትሊንን ለማጣበቅ አትድከሙ። ሱፐር ግሉም፣ ሌላውም ሙጫ አይዘውም። ለጊዜው የያዘ ይመስላል፤ አንድ ጊዜ ሲገጭ እንደ ብስኩት ይላቀቃል። በብሎን ወይም በእንጨት ቪት ነው የሚታሰረው። ቪት ከሆነ መጀመሪያ ከቪቱ ቀጠን ያለ ቀዳዳ በትራፓኖ ክፈቱ፣ በእያንዳንዱ ጠርዝ ቢያንስ ሦስት ይኑር። ሮንዴላ አትርሱ። ያለ ሮንዴላ የብሎኑ ራስ ፕላስቲኩን ሰርስሮ ይገባል።

ቁመቱን 5 ሴንቲ ያደረግነው በምክንያት ነው። ጎማው 7 ሴንቲ ዲያሜትር አለው። ሮቦቱ ቢገለበጥ ጎማው ከላይም ከታችም አንድ አንድ ሴንቲ ስለሚወጣ ተገልብጦም ይነዳል። ይህ ብቻውን ስንት ግጥሚያ እንዳተረፈልኝ አልነግራችሁም። መንገዱ ግን ይቀያየራል፤ ግራና ቀኙ ይምታታባችኋል። ገልብጣችሁ መንዳትን ተለማመዱ።

ላሜራውን በሞርሳ ይዛችሁ በመዶሻ እጠፉት። ተዳፋቱ ከመሬት ጋር 35 ዲግሪ አካባቢ ይሁን። በጣም ከቆመ ግድግዳ ይሆናል፣ በጣም ከተኛ ይረዝምና ክብደት ይበላል። የታችኛውን ጠርዝ በሞረድ አቅጥኑት። ዋናው ቁም ነገር ግን ስለቱ ሳይሆን ከመሬት ያለው ርቀት ነው። ወረቀት አስገብታችሁ ሞክሩ። ወረቀቱ ካለፈ የተጋጣሚያችሁም ላሜራ ያልፋል። ለዚህ የምወደው ዘዴ ላሜራውን በሁለት ትንንሽ የበር ማጠፊያዎች ማንጠልጠል ነው። በራሱ ክብደት መሬት ላይ ይተኛል፤ ወለሉ ቢጎረብጥም ይከተለዋል። ማጠፊያውን መዝኑና ሂሳቡ ውስጥ አስገቡት።

ሞተርና ጎማ

ቢጫዎቹን የፕላስቲክ ማርሽ ሞተሮች ታውቋቸዋላችሁ። ለትምህርት ቤት ፕሮጀክት ጥሩ ናቸው። ለውጊያ አይሆኑም፤ አንዴ ግድግዳ ሲገፉ ጥርሳቸው ይረግፋል። ብረት ማርሽ ያለው፣ 25 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ባለ 12 ቮልት ሞተር ፈልጉ። ፍጥነቱ በደቂቃ ከ300 እስከ 500 ዙር ይሁን። በ7 ሴንቲ ጎማ፣ በ400 ዙር፣ በሰከንድ አንድ ሜትር ተኩል ገደማ ትሄዳላችሁ። ለትንሽ ሜዳ ይህ በቂ ነው። ከዚህ የፈጠነውን ሞተር የገዛ ሁሉ ራሱ ግድግዳ ሲገጭ ነው የሚውለው።

አሁን የተሸወድኩበትን ልንገራችሁ። የጎኑ ፕላስቲክ 1 ሴንቲ ነው። የሞተሩ ዘንግም 1 ሴንቲ ገደማ ነው። ሞተሩን ከውስጥ ገጥሜ ዘንጉን በቀዳዳ ሳወጣው ጎማ የሚታሰርበት ቦታ አልተረፈም። ሁለት ቀን ዘንግ ማስረዘሚያ ስፈልግ ዞርኩ። መፍትሔው ቀላል ነበር። ጎኑን በማርሽ ሳጥኑ ልክ፣ 25 ሚሊ ሜትር አድርጎ መብሳት። ሳጥኑ ራሱ ፕላስቲኩ ውስጥ ይሰካል። ዘንጉ በሙሉ ውጭ ይወጣል። የሞተሩን ጀርባ ደግሞ በቀጭን ላሜራ ቀበቶ ከወለሉ ጋር እሰሩት። በዚህ አሠራር ጎማው ሲመታ ኃይሉ ወደ ፕላስቲኩ ይሄዳል፣ ትንንሾቹ የሞተር ብሎኖች አይሸከሙትም።

ጎማዎቹን ወደ ኋላ አድርጉ፤ ባትሪውንም ከእነሱ አጠገብ። መግፋት የሚችለው ጎማው ላይ ያረፈ ክብደት ነው። ፊቱ ከከበደ ጎማው እንደ ክረምት ጭቃ ላይ ባጃጅ ይሽከረከራል። የከመነዳሪውን ላስቲክ በቀበቶ መልክ ቆርጣችሁ ጎማው ላይ ወጥሩት። ከውጊያ በፊት በእርጥብ ጨርቅ አቧራውን ጥረጉ። አቧራ የያዘ ላስቲክ አይነክስም።

ኤሌክትሪኩ

ሞተሩ ምን ያህል ኮረንቲ እንደሚጠጣ ሳታውቁ መቆጣጠሪያ አትግዙ። በነፃ ሲዞር ትንሽ ነው። ሲታነቅ ግን፣ ማለትም ግድግዳ ላይ ተጣብቆ መዞር ሲያቅተው፣ ብዙ እጥፍ ይስባል። ለማወቅ ቴስተራችሁን ኦም ላይ አድርጉና የሞተሩን ሁለት እግሮች ለኩ። ዘንጉን ትንሽ ትንሽ እያዞራችሁ ደጋግማችሁ ለኩና ዝቅተኛውን ውሰዱ። 4 ኦም ካለ፣ 12 ለ4 ሲካፈል 3 አምፔር ነው። መቆጣጠሪያው ይህን መሸከም አለበት።

ገበያ ላይ በቶሎ የምታገኙት መቆጣጠሪያ ኤል 298 ኤን የሚባለው ቀይ ቦርድ ነው። በአንድ ሞተር 2 አምፔር ድረስ ነው አቅሙ። በዚያ ላይ 2 ቮልት ያህል ራሱ በልቶ ወደ ሙቀት ይለውጠዋል። ለመለማመጃ ይሁን። ለውጊያ ግን ወደ ፊትም ወደ ኋላም የሚያስኬዱ፣ ካርቦን ላለው ሞተር የተሠሩ ሁለት ትንንሽ ኢ-ኤስ-ሲዎች ይሻላሉ። ኢ-ኤስ-ሲ ማለት የመጫወቻ መኪኖች የፍጥነት መቆጣጠሪያ ነው።

ሪሞቱን በሁለት መንገድ ማድረግ ይቻላል። አንደኛው ባለ 2.4 ጊጋ ኸርዝ የመጫወቻ መኪና ወይም አውሮፕላን ሪሞት ነው። ሁለተኛው ኢ-ኤስ-ፒ 32 የሚባለውን፣ ኮድ የሚጻፍለት ትንሽ ቦርድ በብሉቱዝ ከስልክ ጋር ማገናኘት። ሁለተኛው ይረክሳል፤ ኮድ መጻፍም ያስተምራችኋል። የእኔ ምርጫ ግን የመጀመሪያው ነው። የስልክ መስታወት ላይ ጣታችሁ የት እንዳለ አታውቁም። ዐይናችሁ ሮቦቱ ላይ መሆን ሲገባው ስልኩ ላይ ይሆናል።

የትኛውንም ብትመርጡ አንድ ነገር ግዴታ ነው። ሲግናል ሲቋረጥ ሮቦቱ ወዲያው መቆም አለበት። ኢ-ኤስ-ፒ 32 ከሆነ ለግማሽ ሰከንድ ትእዛዝ ካልደረሰው ሞተሮቹን ዜሮ እንዲያደርግ ጻፉለት። ከዚያ ሞክሩት። ጎማውን አየር ላይ አድርጋችሁ እያዞራችሁ ሪሞቱን አጥፉ። ካልቆመ ሜዳ አይገባም።

ኢ-ኤስ-ፒ 32 የምትጠቀሙ ሌላም ጣጣ አለባችሁ። ሞተሮቹ ድንገት ሲጎትቱ የባትሪው ቮልት ይወርዳል፤ ቦርዱ ይጠፋና እንደገና ይነሳል። ከውጭ የሚታየው ሮቦቱ ሲያንቀላፋ ነው። ለቦርዱ ለብቻው 5 ቮልት የሚያወጣ መቀነሻ ስጡት፤ አጠገቡም ባለ 1000 ማይክሮ ፋራድ ካፓሲተር (ኮረንቲ ለአፍታ የሚያጠራቅም ዕቃ) አድርጉ። በሞተሮቹ እግሮች ላይ ደግሞ 104 የተጻፈባትን ትንሿን የሴራሚክ ካፓሲተር በይዱ፤ የሞተሩን ረብሻ ትቀንሳለች።

ሁለት ኢ-ኤስ-ሲ ከሆነ ደግሞ ሁለቱም ለተቀባዩ 5 ቮልት ይልካሉ። እንዳይጋጩ የአንደኛውን መሐለኛ ቀይ ሽቦ ከማያያዣው አውጡና በናስትሮ ሸፍኑ።

ሽቦው ላይ ጊዜ ውሰዱ። ስለዚህ ነገር ከልቤ ነው የምናገረው፤ ቀዩ ሽቦዬ አልተረሳኝም። ጠምዝዞ ናስትሮ መጠቅለል የለም። በይዱ፣ ከዚያ ሽፋን አልብሱ። ከብየዳው ሁለት ሴንቲ ራቅ ብላችሁ ሽቦውን በፕላስቲክ ማሰሪያ ወለሉ ላይ እሰሩት። ሲጎተት ማሰሪያው ይሸከማል፣ ብየዳው አይደክምም። ከዚያ እያንዳንዱን ሽቦ በጣታችሁ ሳብ አድርጉ። የሚነቀል ከሆነ አሁን ይነቀል።

ዋናው ማጥፊያ ክዳን ሳይከፈት ከውጭ የሚደረስበት ይሁን። ጎን ላይ ሳይሆን ከላይ፣ በትንሽ ቀዳዳ። ጎን ላይ ከሆነ ተጋጣሚያችሁ ያጠፋላችኋል።

መጀመሪያ ስታበሩ ባትሪውን በቀጥታ አትሰኩ። ኤለትራውቶ ቤት ሄዳችሁ የመኪና ፍሬቻ አምፖል፣ ባለ 12 ቮልት 21 ዋቱን ግዙ። በባትሪውና በሮቦቱ ቀይ ሽቦ መካከል አስገቡት። የሆነ ቦታ ሽቦ ከተነካካ አምፖሉ ቦግ ይላል፤ ዕቃው ግን አይቃጠልም። ሁሉ ደህና ከሆነ አምፖሉ አይበራም፣ ወይም ጭል ጭል ይላል። በአምፖል ዋጋ ሙሉ ቦርድ ታድናላችሁ።

ባትሪ

እዚህ ጋ ቀልድ የለም። የምንጠቀመው ሊቲየም ፖሊመር፣ ሦስት ሴል፣ 850 ሚሊ አምፔር ሰዓት አካባቢ ነው። ሲሞላ 12.6 ቮልት፣ ከ9.9 በታች ግን አታውርዱት። አንድ ግጥሚያ አይጨርሰውም።

ይህ ባትሪ ከተወጋ፣ ከተነፋ ወይም ከልክ በላይ ከሞላ ሊቃጠል ይችላል። ጭሱም መርዝ ነው። ሴሎቹን እኩል እያደረገ የሚሞላ የራሱ ቻርጀር አለው፤ ያንን ግዙ። በስልክ ቻርጀር፣ በመኪና ባትሪ ቻርጀር መሞከር የለም። በ0.85 አምፔር ሙሉት። የሸክላ ድስት ውስጥ አስቀምጣችሁ፣ ሲሚንቶ ወለል ላይ፣ አጠገቡ አሸዋ የሞላ ባልዲ አድርጋችሁ። ምንጣፍና ፍራሽ ያለበት ክፍል ውስጥ አይሆንም። መብራት ከጠፋ ቻርጀሩን ንቀሉት። «ሲመጣ ይቀጥላል» ብላችሁ ሰክታችሁ አትተኙ።

ለብዙ ቀን ካልተጠቀማችሁበት 11.4 ቮልት አካባቢ አድርጋችሁ አስቀምጡት። የተነፋ ባትሪ አይጠገንም። ከአሮጌ ላፕቶፕ የወጡ ክብ ሴሎችን ብዙ ልጆች ይጠቀማሉ። ለመለማመጃ እሺ። ሁለት ሞተር ባንድ ላይ ሲታነቅ የሚፈልገውን ኮረንቲ ግን አብዛኞቹ አይችሉትም፤ ይግላሉ።

የደሴ ልጆች አንድ ምክር። ጠዋት ብርድ ላይ ባትሪው ይለግማል። ከግጥሚያ በፊት ኪሳችሁ ውስጥ አቆዩት፤ ማያያዣው ግን ተሸፍኖ፣ ከቁልፍና ከሳንቲም ርቆ። ኮምቦልቻ ስትወርዱ ይህ ችግር አይኖርም።

ሙከራና ሜዳ

ሮቦቱን ስትፈትሹ እንጨት ላይ አስቀምጡት፣ ጎማው መሬት አይንካ። ሲበራ ሪሞቱ ይቀድማል፣ ሮቦቱ ይከተላል። ሲጠፋ ሮቦቱ መጀመሪያ፣ ሪሞቱ መጨረሻ። ይህ ቅደም ተከተል ልማድ ይሁንባችሁ።

ከዚያ ንዱ። ብዙ ንዱ። ሦስት ጠርሙስ አቁሙና ሳትነኩ ስምንት ቁጥር ሥሩበት። ግማሽ ጡብ ግፉ። ከጠረጴዛ ከፍታ ምንጣፍ ላይ ጣሉትና አሁንም ይሄድ እንደሆነ እዩ። ልብ ይጠይቃል፣ አውቃለሁ። ቤት ውስጥ የሚሰበር ነገር ግን ሜዳ ላይ ከሚሰበር ይሻላል።

ብሎኖች በንቅንቅ ይላላሉ። መቆለፊያ ሙጫ ካጣችሁ አንድ ጠብታ የጥፍር ቀለም ዳዶው ላይ አድርጉ። እህቴ ቀዩን ጨርሰህብኛል ብላ እስካሁን ትከሰኛለች። ፖሊካርቦኔቱን ክዳን ግን እንዳይነካው፤ እንዲህ ያሉ ፈሳሾች ያሰነጥቁታል።

ለገፊ ሮቦቶች ሜዳ መሥራት ከባድ አይደለም። 1.22 በ2.44 የሆኑ ሁለት ኮምፔልሳቶዎች ጎን ለጎን ሲሆኑ 2.44 በ2.44 ይወጣቸዋል። መገጣጠሚያቸውን በደንብ አስተካክሉ፣ ላሜራ እዚያ ነው የሚሰነቀረው። ዙሪያውን 15 ሴንቲ ከፍታ ያለው ጣውላ እጠሩ። ተመልካች ሁለት ሜትር ራቅ ይበል። ልጆች መግባት ስለሚወዱ አንድ ሰው ይህን ብቻ የሚጠብቅ ይኑር።

ሚኒባስ ተሳፍራችሁ ከደሴ ኮምቦልቻ ስትወርዱ ባትሪውን ለብቻው ያዙ። ሮቦቱንም ክዳኑን ከፍታችሁ፣ የሚታይ አድርጉት። ሽቦ የበዛበት ዕቃ ቦርሳ ውስጥ ሲገኝ ለማስረዳት ጊዜ ይወስዳል።

ስለት አማረኝ ላላችሁ

አውቃለሁ፣ መምጣቱ አይቀርም። ከሂሳቡ እንጀምር። 150 ግራም የሚመዝን፣ 10 ሴንቲ ዲያሜትር ያለው የብረት ዲስክ በደቂቃ 6,000 ዙር ሲሽከረከር 37 ጁል ያህል ጉልበት ይይዛል። አንድ ኪሎ ድንጋይ ከ3 ሜትር ተኩል በላይ ከፍታ ሲወድቅ የሚኖረው ጉልበት ማለት ነው። ጠርዙ በሰዓት 110 ኪሎ ሜትር አልፎ ይበርራል። ዙሩን እጥፍ ብታደርጉት ጉልበቱ አራት እጥፍ ይሆናል። ከዚያ ውስጥ የተነቀለች አንዲት ብሎን ዐይን ታጠፋለች።

ስለዚህ ከላይ የነገርኳችሁ የጣውላ ሜዳ ላይ የሚሽከረከር ስለት አይገባም። በዙሪያውም በላዩም በወፍራም ፖሊካርቦኔት የተዘጋ ሜዳ ያስፈልጋል። ፕሌክሲግላስ አይተካውም፤ ሲመታ ተሰባብሮ እሱም ስለት ይሆናል። እንዲህ ያለ ሜዳ እስክትሠሩ ድረስ ስለቱን ወረቀት ላይ ንደፉት። እኔም ያኔ ሦስት ሳምንት የሞረድኩትን ይዤ እንዲህ ያልተዘጋ ሜዳ መግባቴ ጥፋት ነበር። አሁን ግድግዳ ላይ ሚስማር ተመቶለት ተሰቅሏል።

በሁለት ግጥሚያ መሐል

ብዙ ጊዜ 20 ደቂቃ ነው ያላችሁ፣ ወይም ያነሰ። መጀመሪያ አጥፉ። ክዳኑን ክፈቱና ባትሪውን ንቀሉ። ባትሪው ከተነፋ፣ ከተወጋ ወይም ትኩስ ከሆነ ወደ ውጭ አውጡት፤ አሸዋው ባልዲ ውስጥ ይቆይ። ሞተሮቹን በእጅ አዙሩ፣ የሚቀረቀር ካለ ማርሹ ተጎድቷል። ብሎኖቹን በካቻቢቴ ዙሩባቸው። ላሜራው ከተጣመመ በፒንሳ መልሱትና ወረቀቷን እንደገና አስገቡ። ሽቦዎቹን አንድ በአንድ ሳብ ሳብ አድርጉ።

መለዋወጫ ከረጢታችሁ ውስጥ አንድ ሞተር፣ አንድ የተሞላ ባትሪ፣ የተቆረጠ የጎማ ላስቲክ፣ ማሰሪያ፣ ናስትሮና አንድ እፍኝ ብሎን ይኑር። መበየጃችሁ በኮረንቲ የሚሠራ ከሆነ ደግሞ ሜዳው ሶኬት እንዳለው አስቀድማችሁ ጠይቁ። እኔ ሳልጠይቅ ሄጄ መንገድ ዳር ሻይ ቤት ገብቼ፣ ስኒዎቹ መሐል ነው የበየድኩት።